ከሰማይ ሲነሣ ሌላ፣ መሬት ሲደርስ ሌላ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በረዶ ከሰማይ ከመውረዱ በፊት ወተት ከመደርደሪያ ይወርዳል። የአየር ትንበያው «ከ3 እስከ 5 ኢንች» ባለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወተቱ፣ ዳቦው፣ እንቁላሉና የመጸዳጃ ቤት ወረቀቱ ተጠራርጎ ያልቃል። አንድ ቀን ተኩል ቤት ለሚውል ሰው ያ ሁሉ ወረቀት ምን እንደሚያደርግለት እስካሁን ያስረዳ የለም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ መደብሮች ደግሞ ግፊያው እንጀራው ጋ ነው። ሁለት እሽግ ሊገዛ የገባ ሰው ከፊቱ ያሉት እመቤት ስምንት ሲያነሡ ያይና እሱም ስድስት ያነሣል፤ ከኋላው ያለው እሱን አይቶ አሥር ይላል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣውን እንጀራ የለመደ ቤተሰብ ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ ከተሰረዘ የነገ ምሳው የት አገር እንዳደረ አያውቅም።

ይኼኔ ስልክ ይጮኻል። አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን የሚያዩ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ መኪና በበረዶ ተቀብሮ አየሁ! ደህና ናችሁ?»

«እማዬ፣ ያ ቡፋሎ ነው! ከእኛ ስንትና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። እኛ ጋ ዝናብ ብቻ ነው።»

«ዝናብ ብቻ? ኤዲያ! እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ እደነግጣለሁ። በል ጃንጥላህን ያዝና ሥራህ ሂድ።»

ምክሩ ለአዲስ አበባ እንከን የለውም። እዚህ ግን ውጭ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 30 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ካሳየ፣ እናት ጃንጥላ ያዘዙለት ዝናብ ከቡፋሎው ክምር ይልቅ አጥንት ሰባሪ ነው። ቡፋሎ ላይ መኪናው ተቀብሯልና ማንም ሊነዳው አይሞክርም። እዚህ ግን መኪናው በሩ ላይ ቆሞ «ና ንዳኝ» ይላል፤ መንገዱ እርጥብ ብቻ ይመስላል፤ ጃንጥላው በእጅ ነው።

ልጆቹ በዚህ ሁሉ መሀል የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በአሜሪካ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት አለ፦ ነገ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የሚሻ ልጅ ፒጃማውን ገልብጦ ይለብሳል፣ ማንኪያ ትራሱ ሥር ይከታል፣ ከፍሪጅ የበረዶ ኩብ አውጥቶ መጸዳጃው ውስጥ ይጥልና ውሃ ይለቅበታል። ከአገር ቤት ገና የመጡ አያት ሌሊት ተነሥተው ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ? ልብሱን ገልብጦ የለበሰ፣ ብረት ተንተርሶ የተኛ፣ መጸዳጃ ውስጥ በረዶ የሚገብር ልጅ! ጠበል እንዲወሰድ ሐሳብ አቅርበው ሳይጨርሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ መልእክት ስልክ ላይ ይገባል፤ ዝግ ነው። ማንኪያው ሠርቷል። ነርስ የሆነችው እናት ብቻ ናት ቦት ጫማዋን እያሰረች የምትነጫነጨው፤ ሆስፒታል ለማንኪያ አይዘጋም።

ከደመና በታች የሚሆነውን ለማወቅ ከደመናው መጀመር ያስፈልጋል። በእነዚህ አገሮች የብርድ ወራት ከሰማይ የሚነሣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ነው፤ በኋላ ዝናብ ሆኖ የሚደርሰውም ጭምር። ከላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሲፈጠር ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ጠባዩ የሚለየው ወደ ታች ሲወርድ በየመንገዱ በሚያገኘው አየር ነው።

አየሩ ከደመናው እስከ አስፋልቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ስኖው፣ እንዳለ ይደርሳል። ይህ ከሁሉም ግልጹ ነው፤ ነጭ ነው፣ ይታያል፣ ይለካል። ባለሙያዎች በጥቅሉ 10 ኢንች ስኖው ቢቀልጥ 1 ኢንች ውሃ ይወጣዋል ብለው ያሰላሉ፤ ብርዱ ሲጠናና በረዶው ሲደርቅ ግን ያንኑ 1 ኢንች ውሃ ለማግኘት 15 ወይም 20 ኢንች ሊያስፈልግ ይችላል። ስኖው ወዳጅም አለው። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የቨርሞንት ገበሬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 1885 የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ፎቶግራፍ በማይክሮስኮፕ አነሣ፤ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሣ ኖሮ ከ5,000 በላይ ምስል አከማቸ። ሰውየው በ1931 መጨረሻ የሞተው በበረዶ ማዕበል ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በያዘው የሳንባ ምች ነው። ያን ያህል ዘመን ፎቶ ያነሣችለት ቅንጣት ውለታ አልቆጠረችለትም።

ሁለተኛው ስሊት ነው። ስኖው ሲወርድ መሀል ላይ ሞቃት የአየር ንብርብር ያገኝና ይቀልጣል፤ ውሃ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ከሆነ ጠብታው መሬት ሳይነካ እንደገና ይረጋና ትንሽ ጠንካራ የበረዶ ፍሬ ሆኖ ይወርዳል። ስሊት ጨዋ ነው፤ መምጣቱን ይናገራል። መስኮት ላይ ጠር ጠር ይላል፣ ጃኬት ላይ ይነጥራል፣ ጆሮ ይገርፋል። ሰው ይሰድበዋል እንጂ አይዘነጋውም።

ሦስተኛው እናቲቱ «ዝናብ ብቻ» ያሉት ነው፤ ፍሪዚንግ ሬይን። ይህም ሞቃቱ ንብርብር ላይ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ከመሬቱ በላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ስስ ስለሆነ ጠብታው ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶም ውሃ እንደሆነ ይደርሳል። ታዲያ የነካው ነገር ላይ ያንኑ ጊዜ በረዶ ይሆናል፦ ቅርንጫፍ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ፣ የደረጃ መደገፊያ ላይ፣ የመኪና በር እጀታ ላይ። ከስሊት የሚለየው ከመሬት በላይ ባለው ቀዝቃዛ አየር ውፍረት ነው። የአየሩ ውፍረት በጥቂት መቶ ሜትር ከተለወጠ አንዱ ሰፈር ጃኬቱ ላይ የሚነጥረውን ሲያራግፍ፣ በአውቶቡስ የሚኬድበት ሌላ ሰፈር ደግሞ የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ «ማን ይድረስልኝ» ይላል።

አዲስ አበባ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው በዚህ ጊዜ «በረዶ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ!» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ሐምሌ ላይ ጣሪያውን የሚደበድበውን ያውቀዋል። ያ ግን ሌላ ዘር ነው። እሱ የሚወለደው በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ ፍሬውን እያንሳፈፈ ውሃ ሲያለብሰውና ሲያረጋው ነው። ሲመጣ ሰፈሩን ያናውጣል፣ ጎመን ይቆራርጣል፣ ልጆች በሳህን ይለቅሙታል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በረዶን በጩኸቱ መመዘን የለመደ ጆሮ ፍሪዚንግ ሬይን ጋ ሲደርስ ያታልላል። ይህኛው ካፊያ ነው፤ ድምፅ የለውም። ሰውየው «ይህማ ምን አለው» ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ጩኸቱ የሚሰማው ከደረጃው በታች ነው፤ የሚጮኸውም እሱ ራሱ ነው።

ዋሽንግተን ይህን ሁሉ ዓይነት በአንድ ቀን የምትቀበልበት ምክንያት አቀማመጧ ነው። በስተ ምዕራብ የአፓላቺያን ተራሮች አሉ፤ በስተ ምሥራቅ አትላንቲክ ውቅያኖስ። ከሰሜን የሚገፋው ከባድ ቀዝቃዛ አየር ተራሮቹን መሻገር ስለማይችል በምሥራቅ ጎናቸው ተጠራቅሞ እንደ ጋን አተላ ከሥር ይዘቅጣል። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ደግሞ ቀላል ስለሆነ በላዩ ይጋልባል። እንግዲህ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ ሆነ፤ ለስሊትና ለፍሪዚንግ ሬይን የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ባለሙያ ካርታው ላይ በአይ-95 አውራ ጎዳና ዙሪያ አንድ መስመር ይሰነጥቅና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋው ያድራል። ከመስመሩ በስተ ምዕራብ ስኖው፣ በስተ ምሥራቅ ዝናብ፣ መስመሩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ የፈጣሪ ፈቃድ።

የከተማዋ አማካይ የዓመት ስኖው 13.7 ኢንች ግድም ነው፤ 35 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሚኒያፖሊስ ከ50 ኢንች በላይ ታገኛለች። ስለዚህ ከሚኒሶታ የመጣ ሐበሻ ዲሲ ሲደርስ ይንቃል። «ይህም ብርድ ሆኖ ትምህርት ቤት ይዘጋል?» ይላል፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጃኬቱን ሳይቆልፍ።

እሱ ብቻውን አይደለም። ከቺካጎ የመጡት ፕሬዚዳንት ኦባማም እንዲሁ ብለዋል። ሥልጣን ከያዙ ከ8 ቀን በኋላ፣ ጥር 28 ቀን 2009፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በበረዶ ግግር ምክንያት ሲዘጋ በጋዜጠኞች ፊት ተገርመው፣ ቺካጎ ቢሆን ትምህርት ቤት እንደማይዘጋ ተናገሩ፤ ለዋሽንግተን ሰዎች ጥቂት የቺካጎ ወኔ እንደሚያስፈልጋቸውም ቀለዱ። ሰባት ዓመት አለፈ። ጥር 20 ቀን 2016 ማምሻውን 1 ኢንች ግድም ስኖው ባልታከመ ቀዝቃዛ አስፋልት ላይ ወረደ፤ መኪና ረገጠው፣ ቀለጠ፣ መልሶ ረጋ። ከዲትሮይት የተመለሱት ፕሬዚዳንት በሄሊኮፕተር መሄድ ስላልቻሉ አጀባቸው በመኪና ወጣ፤ እየተንሸራተተና እየቆመ ዋይት ሐውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። የከተማዋ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በማግስቱ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው ታላቁ ማዕበል ደለስ ላይ 29.3 ኢንች ሲከምር ግን ከተማው ሁሉ አስቀድሞ ቤቱ ከቶ ነበር። 29 ኢንቹ ሰው አስቀመጠ፤ 1 ኢንቹ ፕሬዚዳንት አንሸራተተ።

በአይ-95 ላይ የደረሰው ሌላ ታሪክ ደግሞ በዝናብ ይጀምራል። ጥር 3 ቀን 2022 ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ሌሊት ዝናብ ነበር። የመንገድ ሠራተኞች በረዶ ሲጠበቅ አስቀድመው አስፋልቱ ላይ የጨው ውሃ ይረጫሉ፤ ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ግን ያጥበዋልና አልረጩም። ከዚያ ዝናቡ ወደ ስኖው ተለወጠ፤ በሰዓት እስከ 2 ኢንች ይወርድ ጀመር። የጭነት መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ፤ ሲመሽም የቀለጠው ረጋ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ከአንድ ቀን በላይ ባሉበት ቆሙ። ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን የሁለት ሰዓት መንገድ የጀመሩት ሴናተር ቲም ኬይን የደረሱት በ27 ሰዓታቸው ነው። ከፍሎሪዳ ሲመለስ እዚያው የታገተ አንድ ቤተሰብ በየመኪናው እየዞረ ብርቱካን ሲያድል ለሴናተሩም ደረሳቸው። የዳቦ መኪናም ከመሀል ተገኘና ዳቦው በዙሪያው ላሉት ታደለ።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚሰማ ሐበሻ የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልግም። ቆሎ አይበላሽም፣ አይረጋም፣ ቦታ አይዝም፤ ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። በላዩ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀርና ትንሽ አካፋ ቢጨመር፣ የነዳጁ ጋንም ቢሞላ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ለሙቀት ሞተር የሚያስነሣ ሰው አስቀድሞ ወርዶ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ማጽዳት አለበት፤ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ማስነሣት፣ መስኮቱንም ጥቂት ገርበብ ማድረግ ይመከራል። ቆሎውን ለጎረቤት መኪና ማካፈል በደንቡ ባይጻፍም የታወቀ ነው።

ወደ ጨው ስንመለስ፣ ጨው አስማት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ውሃው የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ወደ ታች ያወርደዋል። 23 በመቶ ያህል ጨው ያለበት ውሃ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ ይቆያል። መንገድ ላይ የሚበተነው ተራ ጨው ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ካለፈ ሥራው እየዘገየ ይሄዳል፤ ያኔ ካልሲየም ክሎራይድ የተሻለ ነው። ግማሽ ጆንያ ደረጃው ላይ ገልብጦ «አሁን ይቅለጥ እንጂ!» እያለ የሚጠብቅ ሰው ጨው አባከነ እንጂ በረዶውን አላስደነገጠውም። ጨው ሥራውን የሚሠራው በረዶው ሳይጣበቅ ቀድሞ በስሱ ሲበተን ነው።

ማለዳ መኪናው ጋ የሚታየው ትርኢት ደግሞ ሌላ ነው። የፊት መስታወቱ በበረዶ ተለብጧል። ባለቤቱ ቸኩሏል፤ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዞ ይወጣና ያፈስበታል። ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ቀዝቃዛው መስታወት በድንገተኛው ሙቀት ቋ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ወይ ውሃው መሬት ወርዶ ሹፌሩ በር ሥር ይረጋና ባለቤቱን በጀርባው ያስተኛዋል። ሁለቱም በአንድ ማለዳ የሚሆኑበት ቀን አለ። ፕላስቲክ መፋቂያ በየነዳጅ ማደያው በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ሌሊቱን መስታወቱን በጨርቅ መሸፈንም ይቻላል።

መንገዱ ከተጀመረ በኋላ የሚፈራው ብላክ አይስ ነው። ስሙ ጥቁር ይበል እንጂ ቀለም የለውም፤ ስስና ጥርት ያለ ስለሆነ የሚታየው የአስፋልቱ ጥቁረት ነው። ድልድይ ላይ ይበረታል፤ መሬት ላይ ያለው መንገድ ከሥሩ ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ ድልድዩን ግን ቀዝቃዛው አየር ከላይም ከታችም ይይዘዋል። የፖቶማክን ወንዝ በየቀኑ ደጋግመው የሚሻገሩ የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከፊት ያለው መኪና እርጥብ መንገድ ላይ ሲሄድ ጎማው ውሃ የማይረጭ ከሆነ ያ እርጥበት ረግቷል ማለት ነው ይላሉ። ለጎማ ደግሞ ክፉው በረዶ ዜሮ አካባቢ ያለው ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለበትና በጣም ከቀዘቀዘው ይብሳል። በረዶ ለምን እንደሚያንሸራትት ሳይንቲስቶች ማይክል ፋራዴይ በ1850 በረዶ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን እንዳለ ከተናገረ ወዲህ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሲንሸራተት የነበረ ሹፌር ግን ክርክሩን ለማዳመጥ ጊዜ አልነበረውም።

በረዶ ላይ የሚበዛው ስሕተት የመኪናውን ጉልበት ማመን ነው። ፎር ዊል ድራይቭ ያለው ሰው ከቆመበት ሲነሣ ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል፤ ለማቆም ሲፈልግ ግን ከጥንቷ ኮሮላ እኩል ነው፤ አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በረዶ ላይ ለማቆም የተለየ ጸጋ የለውም። የሚረዳው ርቀት ነው፤ ደረቅ መንገድ ላይ ከሚተወው ሁለትና ሦስት እጥፍ። መኪናው ከተንሸራተተ ነዳጁን መልቀቅ፣ መሪውን በለሆሳስ መሄድ ወደሚፈለግበት ማዞር፣ ፍሬኑ ኤቢኤስ ከሆነ አጥብቆ ረግጦ መያዝ። ፍሬኑ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥና ሲያጉረመርም ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይለቀዋል፤ ሥራውን እየሠራ ነበር። ክሩዝ ኮንትሮል በዚያ ቀን አይነካም።

እግረኛው ከሹፌሩ አይሻልም፤ በተለይ በዓል ከሆነ። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በፈረንጆቹ ጥር ነው፤ አገር ቤት ፀሐይ ሲሆን እዚህ የብርዱ ጥግ ነው። ጥር 6 ቀን 2025 ዋሽንግተን ከ5 ኢንች በላይ ስኖው ሲወርድባት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ዋሉ፤ ምሽቱ ደግሞ የገና ዋዜማ ነበር። ለቅዳሴ የሚወጣ ሰው ቤት ውስጥ ክርክር አለው፦ ለበዓል የተገዛው ለስላሳ ሶል ያለው አዲስ ጫማ ወይስ ያ ጭቃ የበላው ቦት? ጥበብ ቀሚስ ከቦት ጋር አይሄድም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ጥበብ ቀሚስ ከጀሶ ጋርም አይሄድም። ብልሆቹ ቦቱን አድርገው አዲሱን ጫማ በፌስታል ይይዛሉ። እንደ ዕድል ሆኖ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለቱም ይወልቃሉ።

አረማመዱን የጤና ባለሙያዎች ከፔንግዊን ያስተምራሉ፦ እግርን ጥቂት ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ ክብደትን የፊተኛው እግር ላይ ጥሎ፣ ጫማውን ሙሉ ለሙሉ ማሳረፍ። እጅ ከኪስ ይወጣል፤ ሚዛን የሚጠብቀው እሱ ነው። መውደቅ ካልቀረ በጎን፣ ሥጋ በበዛበት በኩል መውደቅ ይሻላል፤ የተዘረጋ እጅ ላይ የወደቀ ሰው የእጅ አንጓውን ይሰብራል። ችግሩ ሐበሻ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያስበው አንጓውን አይደለም። ማን እንዳየው ነው። ተንሸራቶ መሬት ሳይነካ ግራና ቀኝ የቃኘ፣ ተነሥቶም ስልኩን የፈለገ መስሎ ያጎነበሰ ስንቱ ነው!

ፍሪዚንግ ሬይን ሰው ጥሎ ብቻ አይበቃውም፤ ሽቦም ይጥላል። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው በረዶ ሁለት ምሰሶ መሀል ባለ ሽቦ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ሊጨምር ይችላል። በጥር 1998 ኩቤክና ኦንታሪዮ ላይ ለቀናት ሲያካፋ የቆየው ይኸው ዝናብ ወደ 30,000 የሚጠጉ የእንጨት ምሰሶዎች አንኮታኩቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን መብራት አሳጣ፤ አንዳንዶቹ ለሳምንታት በጨለማ ቆዩ።

መብራት ሲጠፋ ሐበሻ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቡና እንዴት ይፈላ? ጓዳ ውስጥ ከሰልና ማንደጃ አለ። እዚህ ላይ ቀልዱ ያቆማል። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ስለሌለው የጠራ ይመስላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዛል። ኦክስጅን የተነፈገው ሰው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ብርዱ ነው ብሎ ይተኛል። በታኅሣሥ 2006 የሲያትልን አካባቢ ብርቱ ነፋስ መብራት ባሳጣው ጊዜ ቤት ውስጥ ከሰልና ጄኔሬተር በመጠቀም የተመረዙት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ የሞቱም አሉ። የከተማው ትልቅ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ ላይ በበርካታ ቋንቋዎች አትሞ አወጣ። ዘግቶ ማንደድ ይቅርና መስኮት ከፍቶም፣ ጋራዥ ውስጥ ሆኖም አይሆንም። የሚያድነው በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ነው። ዕጣን በተጨሰ ቁጥር ይጮኻል ተብሎ የጭስ ማስጠንቀቂያው ባትሪ የወለቀበት ቤት ደግሞ፣ ባትሪው ቴሌቪዥን መቆጣጠሪያው ውስጥ ነውና ዛሬውኑ ይመለስ።

ዝናቡም ስኖውም ካቆመ በኋላ ሕግ ይጀምራል። በዋሽንግተን ዲሲ ባለቤቱ ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ስኖው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ መጥረግ አለበት፤ ያልጠረገ 25 ዶላር ይቀጣል። ፖቶማክን ሳይሻገሩ ሰሜን ብለው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሲገቡ ጊዜው 24 ሰዓት ነው። አካፋው ይወጣል። መግፋት እንጂ ማንሣት አይመከርም፤ እርጥብ ስኖው ከባድ ነው፣ ብርድ የደም ሥር ያጠባል፣ ዓመቱን ሙሉ መሪ ይዞ የተቀመጠ ሰው ድንገት አካፋ ሲይዝ ልቡ ይደነግጣል። ጥቂት በጥቂት፣ እያረፉ፣ ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ ወዲያው አቁሞ 911 መደወል።

ሕጉ 65 ዓመት የሞላቸውን ነዋሪዎች ከቅጣቱ ነፃ ያደርጋል፤ ለአረጋውያን የሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞችም በከተማው አሉ። ይህ ድንጋጌ በአንዳንድ አባቶቻችን ቤት ያስነሣው ጸጸት ቀላል አይደለም። ከዓመታት በፊት ወረቀት ሲሞላ፣ ለሥራ ይጠቅማል ተብሎ፣ ዕድሜ ላይ ስድስት ሰባት ዓመት ተቀንሷል። እንግዲህ በልደታቸው 68፣ በመታወቂያቸው 61 የሆኑ አባት ማለዳ አካፋ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ጎረቤታቸው፣ እሳቸው በልጅነቱ ያዘሉት፣ በወረቀት ግን ተጨምሮለት 66 የሞላው፣ በመስኮት ሆኖ ቡናውን እየጠጣ «አባባ፣ የኔንም ጫፉን ቢያስነኩልኝ» ይላቸዋል።